የጠያቂ እጅ

በዋግ ደጋ ሰው በጽኑ ሲታመም ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ሰቆጣ ያደርሰዋል፤ ጠያቂም ግንባሩን ሳይዳስስ «እግዜር ይማርህ» ማለት አይሆንለትም። ተስቦን የሚፈውሰው መድኃኒት እንጂ መዳፍ አይደለም፤ ነገር ግን የወዳጅ እጅ ፍርሃትን እንደሚያበርድና ሕመምን እንደሚያቀል የሕክምና ሊቃውንትም መርምረው ተረድተውታል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ግን መዳሰስ ራሱ አደጋ ሆነ። በዚያ ክረምት የታመመ አጎቴን ከደጃፍ ቆሜ ጠየቅሁት። ከዳነ በኋላ፣ «ልጄ፣ ከሕመሙ ይልቅ ከሰው መለየቱ ጐዳኝ» አለኝ።

እጄን መሰብሰቤ ቤተ ሰብን ለመጠበቅ ነበርና አልጸጸትበትም። ዳሩ ግን አደጋው ካለፈም በኋላ እጃችንን ሰብስበን ብንቀር፣ ነገሩ ጥንቃቄ መሆኑ ቀርቶ ጭካኔ ይሆናል። መድኃኒቱን ሐኪም ይሰጣል፤ እጅ ግን ከያንዳንዳችን ይጠበቃል።