ክዳኗን የዘጋችው ቀንድ አውጣ

 

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው ማስታወሻችን ስለ አንዲት ቀንድ አውጣ ነው። አትሳቁ፣ ትንሽ ታገሱኝ። መጨረሻ ላይ ስለ ቀንድ አውጣ ብቻ እንዳልሆነ ታዩታላችሁ።

ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች ያሉበት የመስታወት ገንዳ አለው። መስታወቱ አረንጓዴ እየሆነ ሲያስቸግረው “ቀንድ አውጣ ብትገባ አረንጓዴውን ትበላልኛለች” አለ። በመጀመሪያ ያሰበው ጫሞ ሐይቅ ወርዶ ከዳር ለቅሞ ማምጣት ነበር። እኔ ከለከልኩት። አዞውን ፈርቼ ብቻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር ከሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች መካከል ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ አሉ። ጥገኛው ትል ከቀንድ አውጣዋ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኛል፣ እጁን ወይም እግሩን የነከረ ሰው ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል።

ስለዚህ አንድ የምናውቀው ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ በትንሽ ዕቃ አንዲት ቀንድ አውጣ ይዞልን መጣ። ቀኑን ሙሉ በመኪና ስትንገላታ የመጣች፣ ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ሙቀት የወረደች ፍጥረት ናት። ወንድሜ ቸኩሎ በአንዴ ገንዳው ውስጥ ጨመራት። እሷም ወደ ዛጎሏ ገባችና ክዳኗን ዘጋች። በዚያው ቀረች።

አንድ ቀን አለፈ፣ ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ወንድሜ ተስፋ ቆረጠ። “ሞታለች፣ ልጣላት” አለኝ። እናታችን ከማድ ቤት ሆና ሰማችውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ “ይሸታል እንዴ?”

አሸተትናት። አትሸትም። እናቴም “እንግዲያው ተዋት” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔ ግን ያ ጥያቄ አልለቀቀኝም። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ አስታወሰኝ። አንድ ሰው ሶላት ላይ ሆኖ ውዱኡ የጠፋ ሲመስለው ምን ያድርግ ተብለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠየቁ፣ ድምፅ እስካልሰማ ወይም ሽታ እስካላገኘ ድረስ ሶላቱን ጥሎ እንዳይወጣ አስተማሩ። የፊቅህ ሊቃውንት ከዚህና ከመሰሎቹ አንድ ትልቅ መርህ አወጡ፦ አል-የቂኑ ላ የዙሉ ቢሽ-ሸክ። እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይሻርም ማለት ነው። ፊቅህ ከቆመባቸው አምስት ታላላቅ መርሆዎች አንዱ ነው።

በዚሁ መርህ ነው ጠፍቶ ወሬው የተቋረጠ ሰው ርስት በጥርጣሬ የማይከፋፈለው። በሕይወት እንደነበር እናውቃለን፣ መሞቱን ግን አናውቅም። ስለዚህ ማስረጃ እስኪገኝ ወይም ቃዲ እስኪፈርድ ድረስ እንደ ሕያው ይቆጠራል። ልብ በሉ፣ ሸሪዓ እዚህ ላይ “ሰውየው በሕይወት አለ” ብሎ እየማለ አይደለም። “ሞቷል ማለት የፈለገ ማስረጃውን ያምጣ” እያለ ነው። የማስረጃው ሸክም ያለው ሕይወትን በሚክደው ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ለቀንድ አውጣም ይሠራል? አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1846 ከግብፅ በረሃ የተሰበሰበች አንዲት ቀንድ አውጣ ለንደን ወደሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ገባች። ሠራተኞቹ የሞተች መስሏቸው በካርድ ላይ በሙጫ አጣበቋት፣ ቀኑንም ጻፉበት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1850፣ አንድ ሰው የዛጎሏ አፍ ላይ አዲስ ነገር አየ። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሲያስገቧት ወጥታ መሄድ ጀመረች። ሱብሓነላህ! አራት ዓመት ሙሉ ሕያው ፍጥረት በሙታን መዝገብ ላይ ተጣብቃ ቆየች። ያጣበቋት ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም። የተማሩና ጠንቃቃ ሰዎች ነበሩ። ስህተታቸው አንድ ብቻ ነበር፣ ጸጥታን እንደ ማስረጃ ወሰዱት።

“እሺ፣ ግን እኮ ቀንድ አውጣ ናት! ብትጣልስ ምን ይመጣል?” የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቁርኣን ውስጥ ስለ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ስናነብ፣ ሠራዊቱ ሳያውቅ እንዳይረግጣቸው አንዲት ጉንዳን ወገኖቿን ስታስጠነቅቅ፣ ታላቁ ንጉሥም ሰምቶ ፈገግ ሲልና አላህን ሲያመሰግን እናገኘዋለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ የድመቷን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያቺ ሴት የተቀጣችው ድመት ስለገደለች ብቻ አልነበረም። ዘጋችባት፣ አላበላቻትም፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ጥፋቱ ያለው በመዝጋቱ ውስጥ ነው። አንድን ፍጥረት ከቦታዋ አንስተህ በራስህ ግድግዳ ውስጥ ካስገባሃት፣ የምትተነፍሰው ውሃ የአንተ አደራ ሆነ። ጫሞ ውስጥ ያለችው ቀንድ አውጣ ሪዝቋን ራሷ ትፈልጋለች። ወንድሜ ገንዳ ውስጥ ያለችው ግን ከአላህ ቀጥሎ ያላት ሰው እሱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ፣ ቀንድ አውጣ በምንም ምክንያት አትነካ እያልኩ አይደለም። ሀገራችን ያፈራቻቸው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። አይተው አላለፉም፣ ለምን ሞቱ ብለው ጠየቁ። እንዶድ በሽታ አስተላላፊዎቹን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ያወቁት በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ጉዳትን ለመከላከል፣ አውቆና መርምሮ ማስወገድ አንድ ነገር ነው። ስለሰለቸን ብቻ “ሞታለች” ብሎ መጣል ሌላ ነገር ነው። ደግሞም አንዳንዴ ሐቁን እንናገር፦ ቀንድ አውጣዋን በቢልሃርዚያ የምንበክላት እኛው ነን። የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ የሚገባው ከሰው ዓይነ ምድርና ሽንት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውሃ ላይ መሽናትን የከለከሉት ከ1400 ዓመት በፊት ነው። ሐይቅ ዳር የምንሄድ ወጣቶች ይህን ሱና እናስታውሰው።

ወደ ገንዳችን እንመለስ። ወንድሜ “ካልሞተች ታዲያ ጫሞ ወስጄ ልልቀቃት?” አለ። ርኅራኄ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ከባዕድ ሀገር የመጣን ፍጥረት ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ምን እንደሚያመጣ እምቦጭ ጣና ላይ አሳይቶናል። ጎረቤታችን ኬንያም ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ቀንድ አውጣ እ.ኤ.አ. በ2020 በምዌያ የሩዝ እርሻዎች ላይ ተገኝታ ገበሬውን አስጨንቃለች። አደራህን ወንዝ ላይ በመጣል አትገላገልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንብበንና ጠይቀን የደረስንበት ይህ ነው። አዲስ የመጣች ቀንድ አውጣ የውሃው ሙቀትና ጠባይ ሲለወጥባት ራሷን ዘግታ አንድ ቀንም ብዙ ቀንም ልትቆይ ትችላለች። ስትመጣ ቀስ በቀስ የገንዳውን ውሃ እየጨመሩ ማለማመድ ይሻላል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይጨመርም። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ይገድላታል። በጀርባዋ ከወደቀች በቀስታ ማቃናት ነው። ክዳኗን ግን በጉልበት አትክፈቱ፣ ከሥጋዋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይቀደዳል። በየቀኑ ተመልከቷት፣ አሽትቷት። ከሸተተች ወይም ክዳኗ ላልቶ ከተንጠለጠለ ሞታለች፣ ያን ጊዜ ቶሎ አውጧት። የበሰበሰ ሥጋ ውሃውን በአሞኒያ ይመርዝና ዓሣዎቹንም ይጨርሳል። አያችሁ? መርሁ “ዝም ብለህ ተስፋ አድርግ” አይልም። “ማስረጃ ፈልግ፣ ሲመጣም ተቀበል” ነው የሚለው።

አሁን የማፍርበትን ነገር ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ የምንሰግድበት መስጂድ አንድ ወጣት መጣ። ከሩቅ አካባቢ ሥራ ፍለጋ የመጣ ነበር። ከኋላ ሶፍ ጥግ ይሰግድና ማንንም ሳያናግር ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ከበነው በጥያቄ አጣደፍነው፦ ከየት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ለምን መጣህ? እሱም ይበልጥ ዘጋ። ከዚያ ተውነው። አንዱ “ኩራተኛ ነው” አለ፣ ሌላው “ልቡ የደረቀ ነው” አለ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አንድ ጁምዓ ቦታው ባዶ ሆነ። የት እንደሄደ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስልኩን የያዘ የለም። ስሙን እንኳ በትክክል የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን።

ሁለቱንም ጥፋት ነው ያጠፋነው። መጀመሪያ ክዳኑን በጉልበት ልንከፍት ሞከርን። ሲያቅተን ደግሞ ሞቷል ብለን ፈረድን። በመሐል ያለውን፣ ውሃውን ንጹሕ አድርጎ በየቀኑ ማየት የሚባለውን ነገር ማንም አልሠራውም። ሰላምታ ብቻ፣ ያለ ምርመራ። “ዛሬ ከእኛ ጋር ብላ” ብቻ። ሦስት ሳምንት ዝም ቢልም በአራተኛው እንደገና።

በሰው ላይ ደግሞ አንድ ልዩነት አለ። ቀንድ አውጣን ካጸዳህላት በኋላ መጠበቅ ይበቃል። ዝም ያለ ወንድምህ ግን ምናልባት እየሰመጠ ሊሆን ይችላል። ሰው ሲዘጋ “ደህና ነው፣ ጠባዩ ነው” ማለትም ያለ ማስረጃ መፍረድ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ መኖር ሰለቸኝ የሚል ጓደኛ ካላችሁ ብቻውን አትተዉት። ከቤተሰቡ ሰው አገናኙት፣ ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ። ሕክምና መፈለግ የኢማን ጉድለት አይደለም።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስታነቡ ዋሻው ውስጥ የተኙት ወጣቶች ዘንድ ስትደርሱ ቆም በሉ። ላያቸው ሰው የነቁ ይመስሉት ነበር፣ እነሱ ግን ተኝተው ነበር። የሰው ዓይን ተኝቶ ያለውንና ነቅቶ ያለውን እንኳ በትክክል አይለይም። አላህ (ሱ.ወ) ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አልረሳቸውም፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያገላብጣቸው ነበር። ከማይናገር፣ ከማይንቀሳቀስ፣ ምስጋና ከማይመልስ ጋር የሚደረግ እንክብካቤ ማለት ይህ ነው። ትንሽ ቃና ማድረግ፣ እንደገና ትንሽ ቃና ማድረግ።

የእኛዋስ? በአራተኛው ቀን ከሱብሒ ሶላት ስንመለስ መስታወቱ ላይ አንድ የጠራ መስመር አየን። አረንጓዴው መሐል የጣት ስፋት ያህል ንጹሕ መንገድ። ጫፉ ላይ እሷ ነበረች፣ ቀንዶቿን አውጥታ እየበላች። ወንድሜ ጮኸ፣ እናቴ ሳቀች።

ግን አንድ ነገር ላክል። ሞታ ብትገኝም ኖሮ እናቴ ትክክል ነበረች። እኛ የምንጠየቀው ስለ ውጤቱ አይደለም፣ በጥርጣሬው ጊዜ አደራችንን እንዴት እንደያዝን ነው።

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። “እሱ እንኳ አይሆንም”፣ “እሷ እንኳ አበቃላት” ብላችሁ የዘጋችሁትን አንድ ሰው አስቡ። ከዚያ ራሳችሁን የእናቴን ጥያቄ ጠይቁ፦ ማስረጃ አለኝ? ወይስ ዝም ስላለ ብቻ ነው? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ዛሬውኑ ሰላም በሉት። ካልመለሰም በሚቀጥለው ጁምዓ ድገሙት።

አላህ ሆይ፣ ያለ ማስረጃ ከምንፈርድበት ችኮላ ጠብቀን። በእጃችን ያለውን አደራ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ የምንጠብቅ አድርገን። ያንን ወንድማችንን የትም ይሁን የት ጠብቅልን፣ እኛንም ይቅር በለን። አሚን።

በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛትን አትርሱ። መልካም ጁምዓ!