ትግባ ወይስ ትተው?

አንዲት ነርስ አዲስ አበባ ውስጥ በግል የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ሥራ አገኘች እንበል። ትግባ ወይስ ትተው? የደሞዙ ነገር የራሷ ጉዳይ ነው፤ የኅሊናው ጥያቄ ግን የሁላችንም ነው።

ማሽኑ ደም ያጣራል እንጂ የሞተ ኩላሊት አያድንም። በሽተኛው እንደ ደንቡ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ይታጠባል። ነርሷ መርፌውን ትሰካለች፣ የደም ግፊቱን ትለካለች፤ ከነገ ወዲያ ያው ሰው ይመለሳል። ገንዘቡ ሲመናመን ሦስቱ ቀን ሁለት፣ ሁለቱም አንድ ይሆናል። አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ይቀራል። ታዲያ እዚያ መሥራት የግፉ ተባባሪ መሆን አይደለም ወይ? የሚሉ አሉ።

እስቲ የሌላውን አገር እንይ። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ሲያትል ከተማ ማሽኑ ጥቂት ስለነበረ፣ ማን ይታጠብ የሚለውን አንድ ኮሚቴ ይወስን ነበር። ልጆች አሉት? ሥራው ምንድን ነው? እያለ ይመርጣል። በግል ክሊኒክ ደጃፍ ግን መራጩ ኪስ ነው። ኪስ ደግሞ ተጠያቂነት የለበትም! እዚያ አገር ነገሩ የተለወጠው በ1972 የወጣ ሕግ የአብዛኞቹን ወጪ መንግሥት እንዲሸከም ስላደረገ እንጂ፣ ነርስ ሥራ ስለተወች አይደለም።

ስለዚህ ትግባ ባይ ነኝ። እሷ ብትቀር የሚተርፍ በሽተኛ የለም፤ የሚተርፈው የእሷ ንጽሕና ብቻ ነው። ንጽሕና ደግሞ ደም አያጣራም። ነገር ግን ከገባች ዘንድ ማን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናትና፣ ያየችውን ሕግ ለሚያወጡት ሰዎች መናገርም ሥራዋ ነው። አይቶ ዝም ያለ ዕለት ነው ሰው ተባባሪ የሚሆነው።