«ጌጥ ነው» ያልኩት ነገር

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። የሹፌሩ መስታወት ላይ የእመቤታችን ስቲከር፣ ከጎኗ ጊዮርጊስ፣ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ የእግር ኳስ ክለብ አርማ ተለጥፏል። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ጴንጤ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነት አሁን ይሄ ጣዖት አይደለም?» አለኝ። ነገር እንዳይከር ብዬ «ባክህ፣ ጌጥ ነው» አልኩት።

መንገዱን ሙሉ የቆጨኝ ይሄው መልስ ነው።

የሚጠቅሰውን አውቀዋለሁ። ዘፀአት 20 የተቀረጸ ምስል መሥራትንም ለእሱ መስገድንም ይከለክላል። ግን ትንሽ ገለጥ አድርጋችሁ 25ን አንብቡ፤ ያው እግዚአብሔር በታቦቱ መክደኛ ላይ ሁለት ኪሩቤል ከወርቅ እንዲሠሩ ያዛል። ሰሎሞንም የቤተ መቅደሱን ግድግዳ በኪሩቤል፣ በዘንባባና በአበባ ቅርጽ አስጊጧል። በኋላ የተወቀሰው ለሚስቶቹ አማልክት ባሠራው መስገጃ ነው እንጂ በዚህ አይደለም። ስለዚህ ጌጥ ብቻውን ጣዖት አይሆንም፤ እዚህ ድረስ ቀላል ነው።

የሚከብደኝ የናሱ እባብ ነው። ሙሴ ታዞ ነው የሠራው፤ እባብ የነደፈው ሰው እያየው ይድን ነበር። ከዘመናት በኋላ ሕዝቡ ያጥንለት ጀመር፤ ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው። ናሱ ያው የሙሴ ናስ ነው። ሰዎቹ ናቸው ሌላ ነገር የጀመሩት።

በእኛም አገር በዚህ ጉዳይ ደም ፈሷል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ጣዖትና ጥንቆላን እያሳደዱ፣ በዚያው እጃቸው ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል የተባሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስንም አሳደዱ። መነኮሳቱ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ባዮች ነበሩ። የሚገርመው ግን የእነሱው ገዳም ጉንዳ ጉንዶ በሥዕል ባጌጡ ወንጌሎቹ የታወቀ ነው። ጠባቸው ከቀለሙ ጋር አልነበረም ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን የአምልኮ ስግደትና የጸጋ ስግደት ብላ ትለያለች። ልዩነቱን እቀበላለሁ። ግን ደብረ ወርቅ ስንቆም ሹፌሩን «ወንድሜ፣ ስቲከሩ ለምንድነው?» ብለው «ትጠብቀኛለቻ!» አለኝ፤ ትንሽ እንደሄድን ኩርባ ላይ አይሱዙ ደርቦ አለፈ። እንግዲህ ሕዝቅያስ ቢኖር መዶሻውን የሚያነሳው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በፍሬን ፈንታ ስቲከር!

እናቴ ግን ሌላ ናት። ቢቸና ቤታችን ያለውን ሥዕል በመጋረጃ ትሸፍነዋለች። ለጸሎት ስትቆም ትገልጠዋለች፣ ስትጨርስ ትመልሰዋለች። አንዴ ለፎቶ ያምራል ብዬ ገልጬ ፊቱ ብቆም «የቤት ዕቃ አደረግኻት?» ብላ ተቆጣችኝ። «ጌጥ ነው» ስል ጓደኛዬን አልመለስኩለትም፣ እሷን ግን ክጃታለሁ።

ሞጣ ስንወርድ «ያልኩህን ተወው፣ ጌጥ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ምንድነው?»

«እናቴን ጠይቃት። ለፋሲካ እኛ ቤት አይደል የምትመጣው?»

ቦርሳውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ሳቀ። «እሳቸው ፊት ጣዖት የሚለውን ቃል እንዴት አወጣዋለሁ?» አለኝ።