የአያት ዕዳ ለማን ይከፈላል?

ዕዳ ሲባል በተለመደው አነጋገር ሁለት ሰዎችን ያሳስበናል፤ አንዱ አበዳሪ፣ ሁለተኛው ተበዳሪ ነው። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ የተሰጠው ነገር ልኩ ይታወቃል፤ የሚከፈልበትም ቀን ተቈርጧል። ተበዳሪው ከፍሎ በጨረሰ ጊዜ ውሉ ይቀደድና ነገሩ በዚያው ይፈጸማል። ነገር ግን ከዚህ ሌላ ውል ያልተጻፈበት፣ ዋስ ያልተጠራበት፣ አበዳሪውም ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው ዕዳ አለ። የምንሄድበትን መንገድ አስቀድሞ የጠረገው፣ የምንጠጣውን ምንጭ ያጐለበተው፣ የምንጽፍበትን ፊደል ጠብቆ ያቈየልን ሰው ስሙ እንኳ አይታወቅም። ከእርሱ የተቀበልነውን ለእርሱ ልንመልስለት አንችልም። እንግዲህ ለባለቤቱ ሊመለስ የማይቻል ነገር ዕዳ ሊባል ይገባዋልን? ዕዳስ ከሆነ የሚከፈለው ለማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ሰዎች ሦስት ዐይነት መልስ ሲሰጡ እንሰማለን። የመጀመሪያው «ስጡኝ ብዬ አልለመንሁም፤ ስለዚህ የተቀበልሁት ስጦታ እንጂ ዕዳ አይደለም» የሚል ነው። የዚህ ሐሳብ መጨረሻው አባቶቻችን በአህያ አፍ ያናገሩት ቃል ነው፤ «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» የሚለው። ሁለተኛው የሟች ዕዳ በመታሰቢያ ይከፈላል ይላል፤ ሐውልት ማቆም፣ ተዝካር ማውጣት፣ ስም ማንሣት በቂ ነው ብሎ ያምናል። ሦስተኛው ግን ለአያት የሚገባው ለልጅ ልጅ ይሰጥ የሚል ነው። እኛ የምንደግፈው ይህን ሦስተኛውን ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ነገር በቃል ብቻ ሲነገር ቀላል ይመስላልና በአንድ የገጠር መንደርና በዙሪያዋ ባሉት ኮረብቶች ላይ አቁመን ልንመረምረው ወደድን።

በኢትዮጵያ ደቡብ፣ ከስምጥ ሸለቆው አጠገብ የኮንሶ ኮረብቶች ይገኛሉ። የዚያ አገር ዝናብ ጥቂትና የማይታመን ነው፤ በመጣ ጊዜ ግን በኀይል ወርዶ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ለመሄድ ይቸኵላል። ምድሩ ተዳፋት፣ አፈሩ ስስ፣ ድንጋዩ ብዙ ነው። የኮንሶ ሕዝብ ግን ለእርሻ ጠላት የነበረውን ድንጋይ ለቅሞ የእርሻ ጠባቂ አደረገው። ከኮረብታው ግርጌ እስከ ራሱ ድረስ ካብ በካብ ላይ እየደረደረ፣ ከካቡም በስተኋላ አፈር እያቈየ፣ ተራራውን እንደ ደረጃ ሠራው። በካቡ ውስጥ ጭቃም ሲሚንቶም አልገባም፤ አንዱን ድንጋይ ደግፎ የያዘው ሌላው ድንጋይ ነው። ከፍታውም በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሥራ ከ400 ዓመት በላይ፣ በትውልድ ቈጠራ 21 ትውልድ ያህል ሲያያዝ የመጣ በመሆኑ፣ 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው የኮንሶ መልክዐ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሊገባ ችሏል።

በእነዚህ ኮረብቶች መካከል ገሰርጊዮ የምትባል መንደር አለች። በዙሪያዋ እንደ ሌላው የኮንሶ አገር ሁሉ እርከኑ በማሽላ ተሸፍኖ፣ የሽፈራው ዛፍም በየደጁ ተተክሎ ይታያል። ከመንደሪቱ አጠገብ ግን ጎርፍ የቦረቦረው ታላቅ ገደል አለ። አፈሩ እየታጠበ ሄዶ የቀረው እንደ ዐምድ ሾሎ ስለ ቆመ፣ ጐብኚዎች የፎቅ ከተማ መስሏቸው «ኒው ዮርክ» የሚል ስም አውጥተውለታል። በአገሩ አፈ ታሪክ ደግሞ አንድ ክቡር ከበሮ ተሰርቆ በዚያ ተቀብሮ ነበርና፣ እርሱን ለማውጣት መሬቱ በፈጣሪ እጅ እንደ ተቈፈረ ይነገራል። እኛን ግን ከገደሉ ውበት ይልቅ ጐረቤትነቱ ይገርመናል። በአንድ ወገን ሰው እጁን ያኖረበት ኮረብታ፣ በሌላው ወገን ውሃ እንደ ፈቀደ የሄደበት ምድር ፊት ለፊት ይተያያሉ። ዝናቡ ለሁለቱም አንድ ነው፤ በአንደኛው ወገን ግን ውሃውን «ቈይ» የሚለው እጅ አለ።

የእርከንን አሠራር ያስተዋለ ሰው ከብዙ የግብረ ገብ መጻሕፍት የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል። ውሃ የማሳ ወሰን አያውቅም። የላይኛው ገበሬ ካቡን ችላ ቢል፣ ጎርፉ ድንጋዩንና አፈሩን ይዞ የሚወርደው በታችኛው ጐረቤቱ ማሳ ላይ ነው። የታችኛውም ካቡ ቢናድበት፣ የላይኛው መሠረት ይሸረሸራል። ስለዚህ በኮረብታ ላይ «የእኔ ማሳ» የሚለው ቃል እውነትነቱ ግማሽ ነው፤ አንዱ ገበሬ የሚያርሰው ለራሱ ቢሆንም የሚክበው ለጐረቤቱ ጭምር ነው። ደግሞም መልካም እርከን ውሃውን ፈጽሞ አይዘጋም፤ በልኩ ያስቀርና ትርፉን በመውጫው ያሳልፋል። ውሃውን ሁሉ ለእኔ ብሎ የሚገድብ ሰው ካቡ ይፈነዳበታል፤ ሁሉንም የሚለቅ ደግሞ ማሳው ይደርቅበታል። ከሚገባው በላይ መያዝም ሆነ ያለ ልክ መልቀቅ ጥፋት መሆኑን ድንጋዩ ራሱ ያስተምራል።

ጐረቤት ግን በዐይን የሚታይ ሰው ነው፤ ቢበደል ይከሳል፣ ቢረዳ ያመሰግናል። ያልተወለደ ልጅ ግን አይከስም፣ አያመሰግንም። እንግዲህ የዚያ ሕዝብ ታላቅ ብልኀት የማይታየውን ልጅ እንዲታይ ማድረጉ ነው። በየመንደሩ «ሞራ» የሚባል የጋራ አደባባይ አለ፤ በዚያ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ በሥርዓቱም ያላገቡ ወጣቶች በሞራው ቤት እያደሩ መንደሩን ከእሳትና ከአደጋ ይጠብቃሉ። አንዱ የዕድሜ ትውልድ ኀላፊነቱን ለሌላው ባስረከበ ጊዜ፣ ይኸውም በአንዳንዱ ስፍራ በየ18 ዓመቱ፣ ረጅም የጥድ ግንድ ተቈርጦ በአደባባዩ ይተከላል። ከድሮዎቹ ግንዶች አጠገብ አዲስ ግንድ ሲቆም፣ ወጣቱ ተራው እንደ ደረሰና ከእርሱም በኋላ ሌላ ባለ ተራ እንደሚመጣ ያያል። ትውልድ የሚባለው ረቂቅ ነገር በዚህ ሁኔታ ሊቈጠርና ሊዳሰስ ይችላል።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ግብረ ገብ ሳይሆን ችግር ያስገደደው ነው፤ እርከን ባይሠሩ ይራቡ ነበር» ብሎ ይከራከረን ይሆናል። ችግር መምህር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ችግር የሚያስተምረው ለዛሬ ብቻ ነው። የራሱን ዕድሜ ብቻ የሚያሰላ ሰው ለራሱ ዘመን የሚበቃ ዝቅተኛ ካብ ይበቃው ነበር። ከልጁ ዕድሜ አልፎ የሚቆም መሠረት እንዲጥል ያደረገው ከራብ ሌላ ምክንያት መኖር አለበት። ደግሞም ራብ በብዙ አገር ነበረ፤ እርከን ግን በሁሉም ስፍራ አልተገኘም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ሌላ ታሪክ በሰሜኑ ክፍል እናገኛለን። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ከታወቁት ታላላቅ የራብ ዘመናት በኋላ፣ በወሎና በሌሎችም አውራጃዎች ገበሬው በዘመቻ እየወጣ፣ ስንዴና ዘይት በደመወዝ ፈንታ እየተቀበለ፣ በብዙ ተራራ ላይ እርከን ሠርቶ ነበር። ድንጋዩ ያው ድንጋይ፣ ላቡም ያው ላብ ነው። ሆኖም በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በየስፍራው ከተሠራው እርከን ብዙው ፈረሰ፤ ጠጋኝ አጥቶ የተናደም ነበረ። የዚያ ገበሬ ልብ ከኮንሶ ገበሬ ልብ ያነሰ ሆኖ ነውን? አይደለም። ካቡ የት እንዲሠራ ሲወሰን እርሱ አልተጠየቀም፤ የተሠራው ሲለካም የተቈጠረው ኪሎ ሜትሩ እንጂ ጥቅሙ አልነበረም። መሬቱም በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ በየጊዜው ይሸነሸን ነበርና፣ ዛሬ የካበው ማሳ ነገ የማን እንደሚሆን አያውቅም። ልጁ እንደሚወርሰው ያልተማመነ ሰው ለልጅ ልጁ መሠረት ሊጥል አይችልም። ስለዚህ ለሚመጣው ትውልድ መክፈል የሚቻለው ተስፋ ዋስትና ባገኘበት አገር ነው እንላለን። ይህንንም ዋስትና መስጠት የሕግና የሹም ሥራ ነው።

ሕግ በዚህ ረገድ አልተኛም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ክልከላ የሚሠራው ጠባቂው እስካለ ድረስ ነው። የኮንሶን ካብ ጠብቆ ያቈየው ግን ማታ ከሥራ ሲመለስ የወደቀውን ድንጋይ አንሥቶ ወደ ቦታው የሚመልሰው መንገደኛ ነው። ጥሩ ሕግ የሚባለው እንዲህ ያለውን መንገደኛ የሚያበዛ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን በዝምታ ልናልፋቸው አይገባም። አንደኛው፣ የአባቶች ውርስ ሁሉ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። በዚያው በኮንሶ አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪው ከገበሬው ዝቅ ተደርጎ ሲታይና በጋብቻም ሲለይ ኖሯል፤ ይህ ግፍ በሌላውም የአገራችን ክፍል የታወቀ ነው። እንግዲህ ለአያት ዕዳ አለብን ማለት የአያትን በደል ጭምር እናስተላልፍ ማለት ነውን? አይደለም። ብልህ ካቢ የተናደውን ሲጠግን ጠማማ ሆኖ የተቀመጠውን ድንጋይ አውጥቶ በደንብ ያስቀምጠዋል እንጂ ጠማማነቱን አይወርስም። ዕዳን በታማኝነት የሚከፍል ሰው የተቀበለውን አሻሽሎ ያስረክባል።

ሁለተኛው የወጣቱ ነገር ነው። ዛሬ የገጠር ልጅ ተምሮ ወደ ከተማ ሲሄድ፣ ካቡን ትቶ ስለ ሄደ ከሃዲ ነው ሊባል አይገባም። አስተማሪም፣ ሐኪምም፣ ጸሐፊም የየራሱ ካብ አለው። በየቢሮው ያለ ባለ ሥልጣንም ከእርሱ በፊት የነበረው ሠርቶ ያቈየውን መዝገብ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው እንዲሠራበት አድርጎ ቢያስረክብ የአያትን ዕዳ ከፍሏል። ነገር ግን ካብ ጠባቂ ያስፈልገዋልና፣ በኮረብታው ላይ የቀረው ገበሬ ብቻውን እንዳይቀር ማሰብ የተማረው ሰው ግዴታ ነው።

ደግሞም ካብ ዝናብ አያመጣም። በቅርብ ዓመታት በደረሰው ድርቅ በኮንሶም ብዙ ሰው ለርዳታ ተዳርጓል። ታዲያ የአያቶች ድካም ከንቱ ነበረ ይባላልን? ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ ዘር የሚቀበል አፈር በስፍራው መገኘቱ መልሱ ነው። ያለፈው ትውልድ ለሚመጣው ጥጋብን ሊያወርሰው አይችልም፤ ሠርቶ የሚበላበትን ነገር ግን ሊያቈይለት ይችላል። ከዚህ የበለጠ መጠየቅ አግባብ አይሆንም፤ ከዚህ ያነሰ መስጠት ግን ማጕደል ነው።

በገሰርጊዮ ዙሪያ ያለውን ካብ የካቡት ሰዎች ስማቸው በአንድ ድንጋይ ላይ እንኳ አልተጻፈም። የእነርሱን ማሽላ የሚበላው ልጅ ለእነርሱ ምስጋና ሊያደርስ ቢፈልግ ወዴት ይሄዳል? ወደ ማሳው ሄዶ የወደቀውን ድንጋይ ያንሣ። መምህር ሆይ፣ ለተማሪህ ይህን አስተምር፤ ተማሪም ሆይ፣ የተቀበልኸውን ቈጥረህ ያዝ፤ ሹም ሆይ፣ የሚክበው ሰው ልጁ እንደሚወርሰው ተማምኖ እንዲክብ አድርግ። የአያት ዕዳ የሚከፈለው እንዲህ ነውና።