የባልንጀራን ደጅ ማንኳኳት



እግዚአብሔር ምድርን ለሰው በአደራ እንደ ሰጠ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምረናል (ዘፍ. 2፥15)። አደራው በምድሪቱ ላይ የሚኖረውን ባልንጀራችንንም ይጨምራል። ይህን በባንግላዴሽ ጠረፍ ከሚኖሩ ድሆች ልንማር እንችላለን።

በዚያ ዓሣ አጥማጁና ገበሬው የሚኖሩት ከባሕር እምብዛም ከፍ በማይል ምድር ላይ ነው። የዓለም ሙቀት በጨመረ ቁጥር ባሕሩ ከፍ ይላል፤ ጨው ወደ እርሻውና ወደ መጠጥ ውሃው ይገባል፤ ዐውሎ ነፋሱም ይበረታል። ሕዝቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጨው የሚችል የሩዝ ዘር ይዘራል። በደቡቡ ረግረግ ገበሬዎች እምቦጭን ከምረው በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ መደብ ይሠራሉ፤ በላዩም አትክልት ያበቅላሉ፤ ጎርፉ ሲሞላ መደቡ አብሮ ከፍ ይላል። በጣና ሐይቅ ዓሣ አጥማጆቻችንን ያስቸገረው ያው እምቦጭ በዚያ እርሻ ሆኖ ያገለግላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን እርስ በርስ መጠባበቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያ ጠረፍ የተነሣው ዐውሎ ነፋስ ከ300 ሺህ የማያንሱ ሰዎችን ፈጀ። ከዚያ ወዲህ መጠለያዎች ተሠሩ፤ ከ70 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞችም ድምፅ ማጉያ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ማስጠንቀቅን ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቀድመው ተጠለሉ፤ በባንግላዴሽ የሞቱት ከ50 አልበለጡም። ባሕሩ አልራራም፤ ሰው ግን የባልንጀራውን ደጅ አንኳኳ።

እንዲህ መዘጋጀት የእምነት ጉድለት አይደለም። ኖኅ መርከብ የሠራው በእግዚአብሔር ስለ ታመነ ነው።

ይሁን እንጂ ብልሃት ሁሉን አይመልስም። መሬታቸውን ጨው የወሰደባቸው ቤተሰቦች ወደ ከተማ ይሰደዳሉ፤ አየሩን እጅግ የበከሉት ግን እነርሱ አይደሉም። ስለዚህ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው የምድርንና የድሆችን ጩኸት አብረን እንድንሰማ አሳሰቡን።

እኛስ? ድርቅና ጎርፍ በሚፈራረቁባት አገራችን፣ በየቁምስናችን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ የአደጋው ወሬ ዘግይቶ የሚደርሰው ለማን ነው? ብቻዋን ለምትኖረው አሮጊት ነውን? ለአካል ጉዳተኛው ነውን? ከመንገድ ርቆ ለሚኖረው ነውን? የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስማቸውን ይወቁ፤ ወጣቶችም ደጃቸውን ለማንኳኳት ይመደቡ። የአደራው ባለቤት ስለ እነርሱ ይጠይቀናልና።

ለእርሱ ክብር ይሁን፤ አሜን።