ሀ ባልኩ በዓመቱ

«ሀ ባልኩ በዓመቱ፣ ወይ መዘንጋቱ» ይላል ተረቱ። ብዙ ጊዜ የሚተረተው ዓመት ሙሉ ፊደል ሲቆጥር ከርሞ ሀሁን ያልያዘውን ተማሪ ለመውቀስ ነው። እኔ ግን ተረቱ ከተማሪው ይልቅ አቆጣጠሩን የሚከስ ይመስለኛል። እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ በጎልማሳነቴ የጀመርኩት የቻይንኛ ትምህርት ነው።

የኛን ፊደል የቆጠርኩት መንዝ፣ ማማ ምድር ነው። የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» ሲያስብሉን ድምፃችን ከማዶ ይሰማ ነበር። በወሩ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር አንበለበልነው። የኔታ ስንደዶውን መኻል ካለ ፊደል ላይ ሲያሳርፉት ግን ዝም! ከሀ ካልተነሣን አንደርስበትም። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቅነውም ነበር። መድኃኒቱ አቡጊዳ ነው። እዚያ ሀ ካሉ በኋላ ሁ አይመጣም፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ በሰያፍ ይሄድና ዜማ የተደገፈውን ዓይን ብቻውን ያቆመዋል። ይህን ያሰበ ሊቅ የመርሳትን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. የቻይና ኩባንያ የሠራው የአዲስ አበባ የከተማ ባቡር ሥራ ሲጀምር ቻይንኛ ማወቅ እንጀራ ሆኖ ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት ነበረው። እኔም ደብተር ገዛሁ። የኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣችው ይፋ ሰንጠረዥ ግን 8,105 ምልክቶች አሉት፤ በመጀመሪያው እርከን የተመደቡት ብቻ 3,500 ናቸው። የሚደገፉበት ዜማም የለም።

መጀመሪያ የወደድኩት ፈረስን ነው፤ የመንዝ ሰው ሌላ ምን ይወዳል? «ማ» ይባላል፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይነሣል። ድምፁ ሌላ ዓይነት ከሆነ ትርጉሙም ሌላ ነው፤ «አለ»ን አላልቶም አጥብቆም ለሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ብዙ አያስደነግጥም። አጻጻፉ ሦስት ጭረት ብቻ ነው። መቶ ጊዜ ጻፍኩት፤ በወሩ ረሳሁት።

የመለሰልኝ ፈረሱን ሥራ ላይ ማየቴ ነው። ከአጠገቡ «ሴት» ስትቆም «እናት» ይሆናል፤ ሴቷ ትርጉሙን፣ ፈረሱ ድምፁን ያዋጣሉ። «አፍ» ሲቆም መጠይቅ ይሆናል። ሁለት አፍ ከላዩ ሲጫንበት ደግሞ ስድብ ነው (ይህን ያሰበ ሰው ጎረቤት ነበረው)። «ፈረስ ላይ» ብለው ሲጽፉ «አሁኑኑ» ማለታቸው ነው፤ እርካብ የረገጠ አይዘገይማ። እናት ስትደጋገም «ማማ» ትባላለች። የተወለድኩበትን ምድር ስም በባዕድ ፊደል የጻፍኩ ዕለት የተሰማኝን ደስታ የትኛውም ፈተና አልሰጠኝም።

ድምፁ አንድ፣ መልኩ ብዙ የሆነ ፊደልም ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» እያልን እንለያለን። ቻይናዊም የቤተሰብ ስሙን ሲያስጽፍ «ቀስትና ረጅም ያለበት ጃንግ ነኝ» ይላል፤ «መቆምና ማለዳ» ያለበት ሌላ ጃንግ አለና።

ተረቱ ግን በቀላሉ አይረታም። በፊደሉ ውስጥ ተወልደው የሚያድጉት ቻይናውያንም ይረሳሉ። ስልክ ላይ ድምፁን በላቲን ፊደል ይጽፉና ከሚመጣላቸው መልክ አንዱን ይመርጣሉ፤ ዓይን ያውቃል፣ እጅ ይረሳል። ስምም አውጥተውለታል፤ «ብዕር ሲያነሡ ፊደል መርሳት» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአገሪቱ ቴሌቪዥን ባሰናዳው የአጻጻፍ ውድድር «ጉርጥ»ን በእጃቸው መጻፍ ያቃታቸው አዋቂዎች ብዙ ነበሩ። እኛም ስልክ ላይ ሦስቱን ሀ በአንዱ ስንጠቀልል ከዚያው መንገድ ላይ ነን።

አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ ዕድሜያቸውን በኮርቻ ላይ የጨረሱት አጎቴ «ምን ተማርክ?» አሉኝ። ምድጃው ዳር አመዱን ደልድዬ ሦስቱን ጭረት ጻፍኩላቸው።

«ፈረስ ነው፣ አጎቴ።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «እግሩስ?»

እውነታቸውን ነው። የጥንቱ አጻጻፍ አሥር ጭረት ነበረው፤ ከሥር የተደረደሩት አራት ነጥቦች እግር ይመስላሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጻጻፉን ስታቀልል ተቆረጡ፤ የታይዋንና የሆንግ ኮንግ ፈረስ ግን ዛሬም ባለ እግር ነው።

«ይቆዩ፣ ባለ እግሩን ልጻፍልዎ» ብዬ አመዱን እንደገና ደለደልኩት። ቁሙን አወረድኩ፤ አግድሞቹን አከታተልኩ። የሚታጠፈው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቀጥ አለ። አጎቴ ዓይናቸውን ከአመዱ ሳያነሡ ጠበቁኝ።

«በል እንጂ፤ እግሩ ገና ነው» አሉ።