ጎንዶኮሮ ላይ ያልተሠራው ከተማ

ጎንዶኮሮ ከጁባ አጠገብ በነጭ ዓባይ ላይ ያለች ደሴት ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎችና ሰው ፈንጋዮች መናኸሪያቸው አድርገዋት ነበር። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የሱዳን የሰላም ስምምነት ሲፈረም ጁባ የደቡቡ መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ አዲሶቹ ሹማምንትም ለመሥሪያ ቤትና ለመኖሪያ የሚሆን ሰፊ ቦታ ሲያፈላልጉ ዐይናቸው ጎንዶኮሮ ላይ አረፈ። የአገሩ ባለቤቶች የባሪ ሕዝብ መሪዎች ግን አንሰጥም አሉ።

ብዙ ሰው ይህን እምቢታ ልማት ከመጥላት ቈጥሮታል። ነገሩ ከሥሩ ቢታይ ግን ፍርዱ ሌላ በሆነ ነበር። እንግሊዞች በ1920ዎቹ መጨረሻ አስተዳደራቸውን ከሞንጋላ ወደ ጁባ ሊያዛውሩ ሲነሡ፣ በቦታው የነበሩትን የባሪ መንደርተኞች ለከተማው ሲሉ አስነሥተዋቸዋል። ጁባ ገና ከመነሻዋ በተነሺዎች መሬት ላይ የቆመች ከተማ ናት። ልጆቻቸው ይህን እየሰሙ ነው ያደጉት።

ከሰላሙ በኋላ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ከስደት ተመላሹ፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው በአንድ ጊዜ ወደ ጁባ ጎረፈ። የእኛም አገር ሰዎች ሆቴል ከፍተው፣ ሸቀጥ ጭነው ገብተዋል። ጉዴሌና ጉምቦን የመሳሰሉ ዳርቻዎች በጥቂት ዓመታት ቤት በቤት ሆኑ። ጠመንጃ የያዘው «ነፃ ያወጣነው እኛ ነን» እያለ መሬት አጠረ። ከባለመሬቶቹም ወገን አንዱን ቦታ ለሁለትና ለሦስት ሰው የሸጡ ነበሩ፤ ይህም መደበቅ የለበትም። የ2009ኙ የመሬት ሕግ መሬትን የመንግሥት፣ የማኅበረሰብና የግል ብሎ ከፍሎ ለማኅበረሰቡ መብት ዕውቅና ቢሰጥም፣ ሕጉ የወጣው መሬቱ መታጠር ከጀመረ በኋላ ነው።

በባሪ ልማድ «ሞኒዬ ካክ» የሚባል የመሬት አባት አለ። እርሻ የሚጀመረውም፣ እንግዳ ቦታ የሚሰጠውም እርሱ ሲያውቀው ነው። ቀያሽ ችካሉን ይዞ ማሽላው መሐል ሲገባ ገበሬው የሚያየው ችካሉን ብቻ አይደለም። ከጎጆው ጥግ የተቀበሩት አባቱ ከየትኛው የመስመር ወገን እንደሚውሉም ያያል። የሟች መቃብር ከግቢ በማይርቅበት አገር ይህ ለካሳ ሠንጠረዥ የሚመች ጥያቄ አይደለም። 

የሹማምንቱ ሐሳብ ከዚህ ኑሮ ምን ያህል የራቀ እንደነበር በ2010 (እ.ኤ.አ.) ታየ። ጁባን በአውራሪስ ቅርጽ እንገነባለን የሚል ዕቅድ ይፋ ሆነ፤ የሌሎቹ የደቡብ ከተሞች ዕቅድ ተጨምሮ ወጪው 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው ተባለ። የደቡቡ መንግሥት የዓመት በጀት ያኔ 2 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። አውራሪሱ ወረቀት ላይ ቀረ። በመስከረም 2011 (እ.ኤ.አ.) የደቡብ ሱዳን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዋና ከተማው ወደ ራምሲየል፣ ከጁባ በስተሰሜን ወደሚገኘው ሜዳ እንዲዛወር ወሰነ። ከባሪዎች ጋር ከመስማማት አዲስ ከተማ መቆርቆር ቀላል መስሎ ታየ። በታኅሣሥ 2013 (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ፈነዳ፤ ራምሲየልም በስሟ ብቻ ቀረች።

ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የካቲት 27 ቀን 2011 (በእኛ አቆጣጠር) አዲስ አበባ ከ51 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ አወጣች። በርካቶቹ ቤቶች ያሉት በከተማዋና በኦሮሚያ ክልል ወሰን አካባቢ በሚገኘው ኮዬ ፈጬ ነው። ዕድለኛው ደስታውን ሳይጨርስ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ፤ የክልሉ መንግሥትም ወሰኑ ሳይለይ ቤቶቹ መተላለፍ የለባቸውም አለ። እዚህ ላይ ልቤን የሚነካኝ ሁለት ሰው ነው። አንዱ ከ1997 ጀምሮ ተመዝግቦ፣ ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ የቆጠበው ተከራይ ነው። ሌላው ጤፍ ያበቅልበት የነበረው መሬት ፎቅ ሲሆን ቆሞ ያየው ገበሬ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን ወሰኑ ሳይለይና ገበሬው ሳይስማማ ብረቱን ያቆመው አካል ጥፋት ነው። ከተማውና ክልሉ ወሰናቸውን መለየታቸውን ያስታወቁት በነሐሴ 2014 ነው፤ ቤቱ ካለቀ፣ ዕጣው ከወጣ፣ ሰው ከተቃቃረ በኋላ።

በጁባም በኮዬ ፈጬም ቤት የሚጠላ የለም። ገበሬውም ልጁ ጣራ ያለው ቤት ውስጥ እንዲያድር ይፈልጋል። የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ችካሉ ከስምምነቱ ቀደመ።

ስለዚህ በገጠር ጠርዝ ያላችሁ አንባቢዎች፣ የቤት ልማት መጣላችሁ ሲባል እምቢ ለማለትም እሺ ለማለትም አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። ማን ተገኘ፣ ምን ተባለ፣ ለተነሺው ምትክ መሬት የት ነው፣ ካሳው መቼ ይከፈላል፣ መቃብሩስ? በከተማው ቤት የምትጠብቁም ከገበሬው ጋር አብራችሁ ጠይቁ፤ ያልተስማማበት ቤት ቁልፉ እጃችሁ ሲገባም አያሳርፍም።